ለበረሃና ለጎርፍ የሚታደሱ ወታደራዊ ካሚዮኖች፦ ምናቸው ይሻሻላል? ወሰናቸውስ የት ነው?

በአፍሪካ ቀንድ በረሃውና ጎርፉ ብዙ ጊዜ የሚገናኙት አንድ ቦታ ላይ ነው። በሸበሌ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የሶማሊያዋ በለድወይን፣ በታና ወንዝ ዳር ያለችው የኬንያዋ ጋሪሳ፣ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የምትገኘው ጎዴ በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ሐሩር የሚለበልባቸው ከተሞች ናቸው። ርቆ ባለው ደጋ ዝናብ ሲበረታ ደግሞ፣ በራሳቸው ሰማይ ላይ ደመና ሳይታይ እንኳ፣ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ይገባባቸዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በግንቦት 2023 የሸበሌ ሙላት በለድወይንን ሲያጥለቀልቅ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል።

እንዲህ ባለው ጊዜ መንገድ ሲቆረጥና ቀላል መኪናዎች ሲቆሙ፣ እህል ይዞ ገብቶ ሰው ይዞ እንዲወጣ የሚጠበቀው ከጦር ሠፈር የሚወጣ፣ ስድስቱም እግሩ የሚጎትት ካሚዮን ነው። በአካባቢው አገራት ሠራዊቶች እጅ ካሉት ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ግን የተነደፉት ለሌላ አገር አየር ነው። በዚያ ላይ ዕድሜ ተጭኗቸዋል። አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማደስ የተለመደው መንገድ ሲሆን፣ እድሳቱ ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ግን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ሙቀትን ለመቋቋም የሚደረገው ማሻሻያ ውሃን ለመቋቋም ከሚደረገው ጋር ብዙ ቦታ ላይ ይጋጫልና።

ለብርድ አገር የተሠሩ

በኢትዮጵያ በደርግ ዘመን ከነበሩ ካሚዮኖች መካከል ስሙ ከአፍ የማይጠፋው ኡራል ነው። ኡራል-4320 እአአ በ1977 በሩሲያ ኡራል ተራሮች ግርጌ በምትገኘው ሚያስ ከተማ መመረት ጀመረ። ከእሱ በፊት የነበረው ኡራል-375 እና አነስ የሚለው ዚል-131 በቤንዚን የሚሠሩ ነበሩ። ንድፍ አውጪዎቹን ያሳሰባቸው በዋናነት ጭቃ፣ በረዶና ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ በሚወርድ ቅዝቃዜ ሞተር ማስነሳት ነበር።

ይህ ማለት ግን ለጎርፍ አይሆኑም ማለት አይደለም። እንዲያውም በዚህ በኩል ያላቸው ውርስ ጠንካራ ነው። ኡራል በተገቢው ዝግጅት እስከ 1.5 ሜትር፣ ዚል-131 ደግሞ እስከ 1.4 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ እንዲሻገሩ ሆነው ነው የተሠሩት። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሳ የጎማዎቹን አየር መቀነስና መጨመር ይችላል። የጀርመኑ ኡኒሞግ በበኩሉ የዲፈረንሺያሉን ቋት ከቸርኬው መሐል ከፍ አድርጎ የሚሰቅል የጥርስ አሠራር ስላለው፣ በጎማው መጠን ከሚጠበቀው በላይ ሆዱ ከመሬት ይርቃል።

ኡራልን በሚመለከት ጋራዦች የሚያውቁት አንድ ጣጣ አለ። መጀመሪያ የተገጠመለት የካማዝ ሞተር ነበር፤ እአአ በ1993 የካማዝ ሞተር ፋብሪካ በእሳት ሲወድም ግን ኡራል ወደ ያሮስላቭል ሞተሮች ዞረ። ስለዚህ ጎን ለጎን የቆሙና አንድ የሚመስሉ ሁለት ኡራሎች የሞተር መለዋወጫ ላይዋዋሱ ይችላሉ። እድሳት ሲታቀድ መጀመሪያ መቆጠር ያለበት የካሚዮኑ ብዛት ሳይሆን የሞተሩ ዓይነት ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሙሉ እድሳት ምን እንደሚመስል ለማየት የአሜሪካው ኤም-35 ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ይህ የ2.5 ቶን ካሚዮን በ1990ዎቹ በብዛት ተፈትቶ እንደገና ሲገጣጠም፣ ባለ ተርቦ የካተርፒላር ናፍጣ ሞተር፣ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ከኋላ በጥንድ ይታሰሩ በነበሩት ጎማዎች ምትክ ሰፋፊ ነጠላ ጎማዎች፣ እንዲሁም ከጋቢና የሚታዘዝ የጎማ አየር መቆጣጠሪያ ተገጥሞለታል። የቀረው አሮጌ ነገር ሻንሲው፣ አክስሉና ጋቢናው ነበር ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለው ሥራ ፋብሪካና በጀት ይጠይቃል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አብዛኞቹ ማሻሻያዎች ግን በደህና ጋራዥ የሚሠሩ ናቸው።

ሙቀቱ

የሰሜን አትላንቲክ ጦር ቃል ኪዳን ድርጅት (ኔቶ) መሣሪያ የሚፈተንበትን አየር በደረጃ ሲከፍል፣ እጅግ ሞቃትና ደረቅ ለሚለው ምድብ ያስቀመጠው የሙቀት ጣሪያ 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ይህ በጥላ ሥር የሚለካው የአየሩ ሙቀት እንጂ የብረቱ አይደለም። ፀሐይ ላይ የዋለ ኮፋኖ ሥር ያለው ሙቀት ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

በኢትዮጵያ ሁኔታውን የሚያወሳስበው ከፍታው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አፋር ወይም ወደ ሶማሌ ክልል የሚወርድ ካሚዮን በአንድ ቀን ውስጥ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ ቆላ ይገባል። በዚያ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ውሃም በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ራዲያተሩም ሙቀት የሚያስረክበው ለሳሳ አየር ነው። ከቆላ ወደ ደጋ ተመልሶ፣ ተጭኖ ዳገት የሚወጣ ሞተር የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ትልቅ ራዲያተር መግጠም ነው። መጠኑ ብቻውን ግን መልስ አይሆንም። ቀጫጭን ክንፎቹ እጅግ የተቀራረቡ ራዲያተር በወረቀት ላይ ብዙ ሙቀት ያስወጣል፤ በአቧራና በገለባ አገር ግን በሳምንት ይደፈናል። ክንፎቹ ራቅ ራቅ ያሉ፣ ውፍረቱ ግን የጨመረ ራዲያተር ለቆላ ይመረጣል። ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ማራገቢያው ዙሪያውን በቆርቆሮ ወይም በፕላስቲክ ሽፋን መታጠሩ ነው። ሽፋኑ ሲሰበርና ሳይተካ ሲቀር ማራገቢያው የሚስበው በራዲያተሩ ውስጥ የሚያልፈውን አየር መሆኑ ቀርቶ ከጎን የሚገባውን የሞተሩን ትኩስ አየር ይሆናል። ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ትልቅ የሆነ ዕቃ ቢኖር ይህ ነው።

የራዲያተሩ ክዳንም ቀላል ነገር አይደለም። ጤነኛ ክዳን ውሃውን በግፊት ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርገዋል፤ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ደጋ ላይ ጨርሶ እንዳልተከደነ ያህል ነው። ቴርሞስታት ጨርሶ አውጥቶ መጣል በጋራዦች የተለመደ ልማድ ቢሆንም፣ ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ እንዲዘዋወር የሚያስገድደውን ሥርዓት በማዛባት አንዳንድ ሞተሮችን ጭራሽ ያብሳል። ከወንዝ ተቀድቶ የሚጨመር ውሃ ደግሞ ውስጡን በዝገትና በኖራ ይሸፍነዋል። የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚለው እምነት ስህተት ነው፤ በቆላ ዋነኛ ጥቅሙ ዝገት መከላከሉና የመፍያውን ነጥብ ከፍ ማድረጉ ነው።

ነዳጁም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ሙቀት ሲበረታ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ይተንና ፓምፑ የሚገፋው እንፋሎት ይሆናል፤ መኪናው ይቆማል፤ ካልቀዘቀዘም አይነሳም። ኡራል-375ን እና ዚል-131ን ወደ ናፍጣ ሞተር መቀየር በብዙ አገራት የመጀመሪያው እርምጃ የሆነው በዚህና በፍጆታው ምክንያት ነው፤ ኡራል-375 በ100 ኪሎ ሜትር ከ50 ሊትር በላይ ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ነበር። ቤንዚን ወደተቆረጠ ከተማ የእርዳታ እህል የሚያደርስ ካሚዮን የመመለሻ ነዳጁንም ተሸክሞ መሄድ አለበት፤ የነዳጁ ክብደት ደግሞ ከእህሉ ይቀነሳል።

ባትሪ በበረሃ ቶሎ ይሞታል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት የባትሪው ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። ባትሪውን ከሞተሩ አርቆ፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ለሙቀትም ለውሃም ይበጃል።

ውሃው

ውሃ ካሚዮንን የሚያስቆመው በአየር መሳቢያው በኩል ብቻ ይመስል፣ እድሳት ሲባል ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው ከጋቢናው ጎን ሽቅብ የሚወጣው ቱቦ፣ ማለትም ስኖርክል ነው። ቱቦው ዋጋ የለውም አይባልም። ወደ ሲሊንደር የገባ ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ውሃው አልጨመቅ ይለዋል፤ ቢየላው ይጣመማል፣ ሞተሩም ያበቃለታል። በተጨማሪም ከጣሪያ ከፍታ የሚሳበው አየር ኮፋኖ ሥር ካለው የቀዘቀዘና አቧራው ያነሰ ስለሆነ፣ ለሙቀቱም ለውሃውም በእኩል ከሚጠቅሙት ጥቂት ማሻሻያዎች አንዱ ነው። ሆኖም የቱቦው ጥቅም ከመጋጠሚያዎቹ ጥብቀት አይበልጥም። ቱቦው ጣሪያ ደርሶ ከታች ፊልትሮው ጋ ያለው የጎማ መጋጠሚያ ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ውሃ የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው።

ከቱቦው ይልቅ የሚዘነጉት መተንፈሻዎች ናቸው። አክስል፣ ካምቢዮና ዲፈረንሺያል ሲሞቁ ውስጣቸው ያለው አየር ይሰፋል፣ በትንንሽ ቀዳዳዎችም ይወጣል። ሰዓታት ተጉዞ 80 ዲግሪ የደረሰ አክስል 25 ዲግሪ ወዳለው ወንዝ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር በ15 በመቶ ያህል ይኮማተራል፤ ያጣውንም ከውጭ ይስባል። ቀዳዳው ውሃ ውስጥ ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ሙቀቱ በበረታ ቁጥር መሳቡም ይበረታል፤ የቆላ ጎርፍ ከደጋ ጎርፍ የሚከፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መፍትሔው ከየመተንፈሻው የናፍጣ ቱቦ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ቀጥሎ እስከ ጋቢናው ከፍታ ማውጣት ነው። ኡራልና ዚል ከፋብሪካ ሲወጡ ይህ ነበራቸው። ከ40 ዓመት በኋላ ቱቦዎቹ ደርቀው ተሰብረው፣ ወይም በጥገና ጊዜ ወልቀው ቀርተው መገኘታቸው ግን የተለመደ ነው።

ሞተሪኖና ዲናሞ ከታች የተገጠሙ ናቸው፤ ጭቃ ያዘለ ውሃ ሲያገኛቸው ለጊዜው ቢሠሩም ኩሽኔታቸው በቀናት ውስጥ ይበላል። አዳዲስ ሞተሮች በኮምፒውተር የሚታዘዙ በመሆናቸው የኤሌክትሪክ ማገናኛዎቻቸው ውሃ የማያስገቡ መሆን አለባቸው። አሮጌው፣ ፖምፓው በሜካኒክ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር እዚህ ላይ ብልጫ አለው፦ አንዴ ከተነሳ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክም ይሠራል። አሮጌ ካሚዮን በዘመናዊ ሞተር ሲታደስ ጉልበትና ቁጠባ ይገኛል፤ ይህ ጥቅም ግን ይታጣል።

ሁለቱ ሲጋጩ

ግጭቱ ጎልቶ የሚታየው ማራገቢያው ላይ ነው። ለሙቀት የሚፈለገው ትልቅ፣ ብርቱና ሁልጊዜ የሚዞር ማራገቢያ ነው። ይኸው ማራገቢያ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ መርከብ መቅዘፊያ ይሆናል፤ ምላሶቹ ወደፊት ይለጠጡና ራዲያተሩን ይቀዳሉ፤ ውሃውንም በሞተሩ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆነው ሾፌሩ ከጋቢና ሊያጠፋው የሚችል ማራገቢያ ነው። ይህ በሌለበት ከመሻገር በፊት ቺንጊያውን ማውለቅ ያለና የነበረ ዘዴ ነው፤ ከማዶ መልሶ ማሰርን መርሳት ደግሞ ሞተር ያቃጥላል።

ጎማም እንዲሁ ነው። ጭቃና አሸዋ ላይ አየሩ የቀነሰ ጎማ ይዘረጋና መሬቱን ይይዛል። በዚያው አየር ትኩስ አስፋልት ላይ ሲሮጥ ግን ጎኑ እየታጠፈ ይግልና ይፈነዳል። ከጋቢና የሚታዘዘው የአየር መቆጣጠሪያ ያስፈለገው ለዚህ ሲሆን፣ በአሮጌ ካሚዮኖች ላይ መጀመሪያ የሚበላሸውም የዚህ ሥርዓት የጎማ ማኅተሞች ናቸው። በየአገሩ ጋራዦች ከመጠገን ይልቅ መድፈን ይቀናቸዋል። ለአስፋልት ሥራ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ለጎርፍ ግን ካሚዮኑን ካሚዮን ያሰኘውን ነገር መንቀል ነው።

ግጭቱ ጎርፉ ካለፈ በኋላም አያበቃም። ከጎርፍ የወጣ ራዲያተር ክንፎቹ መሐል ደለል ይዟል። ፀሐይ ሲያገኘው ደለሉ እንደ ሸክላ ይደርቃል። ሞተሩ ውሃውን በደህና ተሻግሮ በሦስተኛው ቀን በደረቅ መንገድ ላይ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው።

ማሻሻያ የማይሻገረው ወሰን

እአአ በሰኔ 2016 በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ፎርት ሁድ በተባለው የጦር ሠፈር ውስጥ አሥራ ሁለት ሰዎች የጫነ የሠራዊቱ ካሚዮን በዝናብ በሞላ ጅረት መሻገሪያ ላይ ተገለበጠ። ዘጠኙ ሞቱ፤ ከመካከላቸው አንዱ የዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ዕጩ መኮንን ነበር። ጉዞው የሥልጠና ጉዞ ነበር። ተሽከርካሪው ያረጀ አልነበረም፤ ከአሜሪካ ሠራዊት መደበኛ የጭነት መኪናዎች አንዱ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሂውስተን የሃርቪ ጎርፍ ጊዜ ሰዎችን ሲያወጡ የታዩትም የዚሁ ዝርያ ካሚዮኖች ናቸው።

በአምራቹ መመሪያ ላይ የሚጻፈው የ1 ሜትር ወይም የ1.5 ሜትር ጥልቀት የተለካው በረጋ ወይም በዝግታ በሚሄድ ውሃና በጠንካራ መሬት ላይ ነው። ስኖርክሉ፣ መተንፈሻው፣ ማኅተሙ ሁሉ ሞተሩ እንዳይጠፋ ያደርጋሉ። ካሚዮኑ እንዳይወሰድ ግን አያደርጉም።

የውሃ ግፊት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ እጥፍ ብዜት ያድጋል፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። በግምታዊ ስሌት፣ 3 ካሬ ሜትር የሚሆን ጎኑ ውሃ ውስጥ የገባ ካሚዮንን በሰከንድ 2 ሜትር የሚፈስ ውሃ በ600 ኪሎ ግራም ያህል ኃይል ይገፋዋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 4 ሜትር ሲሆን ግን ግፊቱ 2.4 ቶን ይደርሳል። ባዶውን 8 ቶን የሚመዝን ካሚዮን 3 ሜትር ኩብ የሚሆን አካሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው 3 ቶን ያቀልለታል፤ መሬቱን የሚጫነው የቀረው 5 ቶን ብቻ ነው። ጭቃማ መሬት ከዚህ ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህሉን እንኳ በመያዣነት ላይሰጥ ይችላል፤ 30 በመቶ ቢታሰብ ካሚዮኑን የሚይዘው 1.5 ቶን ነው። አምስት ቶን እህል ሲጫንበት መያዣው ወደ 3 ቶን ከፍ ይላልና 2.4 ቶኑን ግፊት ይችላል። እህሉን አራግፎ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሠላሳ ሰዎች ሲጭን ግን መያዣው 2 ቶን ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት፣ እህል ጭኖ በደህና የተሻገረው ካሚዮን በዚያው መሻገሪያ፣ በዚያው ውሃ፣ ሰው ጭኖ ሲመለስ ሊወሰድ ይችላል። የውሃው ፍጥነት በዓይን አይለካም፤ ከደፈረሰው ውሃ ሥር መንገዱ ይኑር ተሸርሽሮ ይሂድም አይታይም።

በኬንያ ኪቱዪ ግዛት እአአ ታኅሣሥ 4/2021 የመዘምራን ቡድን ወደ ሠርግ ይዞ ይጓዝ የነበረ አውቶቡስ በሞላው የኤንዚዩ ወንዝ ድልድይ ላይ ለማለፍ ሲሞክር ተወስዶ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከባድ ተሽከርካሪ መሆኑ አላዳነውም። በኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ድሬዳዋ ላይ ሲወርድ ከ250 በላይ፣ በዚያው ክረምት ኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ ሲሞላ ከ350 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ድሬዳዋ ላይ ጎርፉ የመጣው ሰዎች ተኝተው ሳለ በድንገት በመሆኑ የትኛውም ካሚዮን የሚደርስበት ጊዜ አልነበረም። በኦሞ ደለል መካከል ተከበው ለቀሩት መንደሮች ደግሞ የደረሱት ሄሊኮፕተርና ጀልባ ናቸው።

ለዚህ ነው አንዳንድ የእርዳታ ድርጅቶች ካሚዮኑን ከማሻሻል ባሻገር ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ የሚጠቀሙት። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በደቡብ ሱዳን የሚጠቀምበት ሼርፕ የተባለው የዩክሬን ሥሪት ተሽከርካሪ ግዙፍ ጎማዎቹ ውሃ ላይ ያንሳፍፉታል። የሚጭነው ግን አንድ ቶን ያህል ነው። ኡራል የሚጭነውን ለማድረስ አምስት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ውሃው ላይ የሚሄደውም ከሰው እርምጃ ብዙም ባልበለጠ ፍጥነት ነው።

ለእርዳታ ሲሰማራ

ወታደር ለመጫን የተሠራ ካሚዮን አልጋው ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ወጣት ወታደር ዘሎ ይወጣዋል፤ ነፍሰ ጡር፣ አዛውንትና ሕፃን የያዘች እናት ግን አይወጡትም። ሰፊ ደረጃ ያለው መሰላል፣ እጀታና ዙሪያውን የሚያጥር ብረት ከማንኛውም የሞተር ሥራ በፊት ሊሠሩ ይገባል፤ ወጪያቸውም የአንድ ጎማ ዋጋ አይሞላም። ሸራው ከጎን በፍጥነት የሚገለጥ መሆን አለበት፤ ካሚዮኑ ቢገለበጥ ከታሰረ ሸራ ሥር መውጣት አይቻልምና። ከፊት ያለው የመጎተቻ ገመድ (ቬሪቼሎ) ለሌላ መኪና ብቻ ሳይሆን ለራሱም ማውጫ ነው፤ ገመዱ ግን ከመግባት በፊት ተፈትሾ፣ የሚታሰርበት ዛፍ ወይም ሌላ ካሚዮን ከወዲህ ማዶ ተዘጋጅቶ መሆን አለበት።

ከውሃ በተመለሰ ካሚዮን ላይ የሚደረገው ምርመራ በዚያው ምሽት ነው የሚሠራው። የየአክስሉ የታችኛው ቡሎን ላላ ይደረጋል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ከገባ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። የፍሬን ሸራዎች በዝግታ እየነዱ ደጋግሞ በመያዝ ይደርቃሉ። ራዲያተሩ ደለሉ ሳይደርቅ፣ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ፣ ክንፎቹን በማያጣምም ዝቅተኛ ግፊት ባለው ውሃ ይታጠባል። በቀጣዩ ጠዋት ካሚዮኑ እንደገና ለስምሪት ሊፈለግ ስለሚችል ሥራው ለነገ አይቆይም።